ልጄን ቫንኩቨር ወዳለ የግል ኮሌጅ ልላካት?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ፣ ከገርጂ ነው። ሁለተኛዋ ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በጥሩ ውጤት አልፋ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ፍላጎቷ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። አንድ ኤጀንት ደግሞ ካናዳ፣ ቫንኩቨር ከሚገኝ የግል ኮሌጅ የቅበላ ደብዳቤ አምጥቶልናል። ‹ሁለት ዓመት እዚያ ተምራ አሶሺየት ዲግሪ ትይዛለች። ከዚያ በቀጥታ ዩቢሲ (የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ) ሦስተኛ ዓመት ትገባለች። ዋስትና አለው። ክፍያውንም እየሠራች ትሸፍናለች› ይለናል። የመጀመሪያውን ዓመት ለመክፈል ቢሾፍቱ ያለችንን ቦታ ልንሸጥ ነው። ካልጋሪ ያለው ወንድሜ ግን ‹የቪዛ ኮሌጅ ነው፣ እንዳትሸወዱ› ብሎ ተቆጣ። ባለቤቴ ከኤጀንቱ ጋር ነው። እኔ መሃል ቀርቻለሁ። ኮሌጁ እውነተኛ ነው? ክሬዲቷስ (የተማረቻቸው ኮርሶች ነጥብ) በትክክል ይተላለፍላታል?»
የጨነቃት እናት

ውድ እናት፣

ቦታዋን ገና አይሽጡ። ይህን የምለው ኮሌጁ የውሸት ነው ብዬ አይደለም። እንዲያውም ደህና ኮሌጅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ኤጀንቱ የነገራችሁ ስለ ሁለት ዓመት ነው። ልጅዎ የምትፈልገው ዲግሪ የአራት ዓመት ነው። ውዱ ደግሞ የኋለኛው ግማሽ ነው።

ከወንድምዎ ልጀምር። ቁጣው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ብዙ የሕንድ ተማሪዎች በሐሰተኛ የቅበላ ደብዳቤ ካናዳ ገብተዋል ተብለው ከአገር ሊባረሩ ደርሰው ነበር። ብዙዎቹ ደብዳቤው ሐሰተኛ መሆኑን አናውቅም ነበር፣ ኤጀንት ነው የሰጠን አሉ። በዚያው ዓመት ከዲሴምበር ጀምሮ የካናዳ ኢሚግሬሽን እያንዳንዱን የቅበላ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ጋር ማመሳከር ጀመረ። ስለዚህ ካናዳ የሚኖር ሰው «የግል ኮሌጅ» እና «ኤጀንት» የሚሉትን ቃላት አንድ ላይ ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ሆኖም ቫንኩቨር ያለበት ክፍለ ግዛት፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1962 የዩቢሲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ማክዶናልድ አንድ ጥናት አቀረቡ። ሁሉም ተማሪ አንድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ከሚጨናነቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በየአካባቢው በሚከፈቱ ኮሌጆች ይማርና ከዚያ ይዛወር የሚል ነበር። ሐሳቡ ሥር ሰደደ። ዛሬ በዚያ ክፍለ ግዛት ኮሌጅ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ መጨረስ የተለመደ ነገር ነው፤ ማንም ዝቅ አድርጎ አያይዎትም። ከ1989 ጀምሮም ይህንን የክሬዲት ዝውውር የሚያስተባብር ምክር ቤት አለ። የትኛው ኮርስ የት እንደሚቆጠር በድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት አድርጎ ያወጣል። ስሙ ቢሲ ትራንስፈር ጋይድ ነው። ይህን ስም ይያዙልኝ፤ ከታች እንፈልገዋለን።

የግል ኮሌጆቹም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ናቸው። ኮሎምቢያ ኮሌጅ የሚባለው ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተ፣ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ነው። (ኒው ዮርክ ካለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሠፈር ውስጥ «ልጄ ኮሎምቢያ ገባች» የሚል ወሬ ከሰሙ ብዬ ነው።) አሌክሳንደር ኮሌጅም እንዲሁ ተመሳሳይ ነገር ይሰጣል። አንድ የግል ኮሌጅ በዚያ ክፍለ ግዛት አሶሺየት ዲግሪ ለመስጠት እ.ኤ.አ. በ2002ቱ የዲግሪ ፈቃድ ሕግ መሠረት የሚኒስትሩን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ዝም ብሎ ሕንፃ ተከራይቶ ዲግሪ ማደል አይቻልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገኛል። የኮሌጁን ስም ልጅዎ ሦስት ቦታ ትፈልገው። የውጭ ተማሪ እንዲቀበሉ የተፈቀደላቸውን ተቋማት ዝርዝር በካናዳ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ላይ ታገኘዋለች። አሶሺየት ዲግሪ ለመስጠት ፈቃድ ያላቸውን ደግሞ ክፍለ ግዛቱ ያሳውቃል። ሦስተኛው ያ ትራንስፈር ጋይድ ነው። ሦስቱም ላይ ካለ ኮሌጁ እውነተኛ ነው። አንዱ ላይ ከጠፋ ደግሞ ወንድምዎ ትክክል ነው፤ ውይይቱም እዚያ ያበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ክሬዲት ይተላለፋል ወይ? አዎ፣ ይተላለፋል። ነገር ግን ኤጀንቱ በአንድ ትንፋሽ የተናገራቸው ሁለት ነገሮች ለየብቻቸው ናቸው። ክሬዲት መቆጠሩ አንድ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዋን መቀበሉ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በአብዛኛው በስምምነት የታሰረ ነው። ሁለተኛው ውድድር ነው።

ክሬዲቱ የሚተላለፈው ኮርስ በኮርስ ነው። አሶሺየት ዲግሪ 60 ክሬዲት ነው፤ ባችለር ደግሞ በተለምዶ 120። ዩቢሲና ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ከሌላ ቦታ የሚቀበሉት በተለምዶ ግማሹን፣ ማለትም እስከ 60 ክሬዲት ነው። እስካሁን የኤጀንቱ ሒሳብ ልክ ይመስላል። ግን ትራንስፈር ጋይዱን ከፍተው አንድ ኮርስ ሲፈልጉ ሁለት ዓይነት መልስ ያያሉ። አንዳንዱ ኮርስ ከዩኒቨርሲቲው የተወሰነ ኮርስ ጋር በቁጥሩ እኩል ተደርጎ ተጽፏል። ሌላው ደግሞ «የአንደኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ክሬዲት» ተብሎ በጅምላ ብቻ ተቀምጧል። ሁለቱም «ተላልፏል» ይባላሉ። ልዩነቱ ግን ሰማይና ምድር ነው። የመጀመሪያው የዲፓርትመንቱን ግዴታ ያሟላል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ እንደ ምርጫ ኮርስ ይቆጠርና ልጅቷ ያንኑ ትምህርት እንደገና ልትወስድ ትችላለች። 60 ክሬዲት ይዛ ገብታ ሦስት ዓመት የምትቆየው እንዲህ ነው። ኤጀንት «ሁለት ሲደመር ሁለት» ሲል ይህን አይነግርም። ላያውቀውም ይችላል።

አሶሺየት ዲግሪው ራሱ የራሱ ግዴታ አለው። እንግሊዝኛ 6 ክሬዲት ይጠይቃል። በሳይንሱ ዘርፍ ሒሳብ አለ፣ ቤተ ሙከራ ያለው ሳይንስ አለ፣ ቢያንስ 18 ክሬዲት ደግሞ የሁለተኛ ዓመት ኮርስ መሆን አለበት። እነዚህን ለማሟላት ስትሮጥ ኮምፒውተር ሳይንስ ዲፓርትመንት የሚፈልገው አንድ ኮርስ ሊያመልጣት ይችላል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ተማሪ አሶሺየት ዲግሪውን ሳይጨርስ ከ24 ወይም 30 ክሬዲት በኋላ ይዛወራል። ዩቢሲም ሆነ ሳይመን ፍሬዘር 24 ክሬዲት ያለውን ሰው እንደ ተዛዋሪ አመልካች ይቆጥራሉ። ለልጅዎ የቱ እንደሚሻል የሚወሰነው በምትፈልገው ዩኒቨርሲቲና ዲፓርትመንት ነው። እንግዲህ መጀመሪያ የምትመርጠው የመድረሻውን ዲፓርትመንት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠረች የመጀመሪያ ሴሚስተሯን ኮርሶች ትመርጣለች። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ መጀመሪያ ኮሌጁ ይገኛል፣ ኮርሱ በደረሰበት ይመዘገባል፣ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ «የት ይቀበሉኛል?» ይባላል።

ስለ «ዋስትና»ው አንድ ነገር ልበል። አሶሺየት ዲግሪ ለመመረቅ የሚያስፈልገው አማካይ ውጤት 2.0 ነው። በዚያ ውጤት ዩቢሲ ኮምፒውተር ሳይንስ እገባለሁ ማለት ከባድ ነው፤ ተፈላጊ ዘርፍ ስለሆነ ተወዳዳሪው ውጤት ከዝቅተኛው መግቢያ በጣም ይርቃል። ሁኔታ አሟልተህ ከሆነ ትገባለህ የሚሉ ውሎች የሉም አልልም። ፍሬዘር ኢንተርናሽናል ኮሌጅ ለምሳሌ በሳይመን ፍሬዘር ግቢ ውስጥ ሆኖ ተማሪዎቹን ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ያሸጋግራል። እሱም ቢሆን የተቀመጠውን ውጤት ላመጣ ተማሪ ነው። ያለ ውጤት የሚያስገባ ወረቀት የለም። ኤጀንቱ ዋስትና አለ ካለ በጽሑፍ ያምጣ፤ ፈራሚው ዩቢሲ ይሁን እንጂ ኤጀንቱ አይሁን።

ወደ ገንዘቡ እንሂድ፤ እኔን ያስጨነቀኝ እዚህ ላይ ነው።

የግል ኮሌጆቹ የዓመት ክፍያ ለውጭ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከዩቢሲው ግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ስለዚህ ቀለል ይላሉ። ዩቢሲ ግን ከውጭ ተማሪ በዓመት ከ40 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ ያስከፍላል። የሁለት ዓመቱ ከ80 ሺህ በላይ መሆኑ ነው። የኑሮው ወጪ ይጨመርበት። የካናዳ መንግሥት ከሴፕቴምበር 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ተማሪ ለአንድ ዓመት ኑሮ ብቻ 22,895 የካናዳ ዶላር እንዳለው እንዲያሳይ ይጠይቃል። ትምህርት ክፍያና የአውሮፕላን ቲኬት በዚህ ውስጥ የሉበትም። ቫንኩቨር ደግሞ በቤት ኪራይ ከካናዳ ከተሞች ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዷ ናት። ሲደመር የኋለኛዎቹ ሁለት ዓመታት ብቻ ከ125 ሺህ የካናዳ ዶላር ያልፋሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብራችን በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ ያ ገንዘብ በብር ስንት እንደሚሆን ዛሬ ሆኖ የሚናገር ሰው የለም።

የቢሾፍቱዋ ቦታ የመጀመሪያውን ዓመት ይከፍላል ብለውኛል። ሦስተኛውንስ ማን ይከፍለዋል? ይህ ጥያቄ ባለቤትዎም ኤጀንቱም ባሉበት መነሣት አለበት።

«እየሠራች ትሸፍናለች» የሚለውን ወሬ በቁጥር እንየው። ተማሪ ትምህርት ባለበት ጊዜ ከግቢ ውጪ መሥራት የሚፈቀድለት በሳምንት እስከ 24 ሰዓት ነው። በጁን 2025 (እ.ኤ.አ.) በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 17.85 የካናዳ ዶላር ነበር። በዚያ ሒሳብ ሙሉውን 24 ሰዓት ብትሠራ በሳምንት 428 ዶላር ገደማ ታገኛለች፤ ግብር ሳይቀነስ። ቤት ኪራይና ምግብ ላይ ጥሩ ድጋፍ ነው። የዩቢሲን ክፍያ ግን አይነካውም። ደግሞ በሳምንት 24 ሰዓት የካፌ ትሪ ተሸክማ ለኮምፒውተር ሳይንስ የሚበቃ ውጤት ማምጣት ቀላል አይደለም። ያ ውጤት ደግሞ የዝውውሩ ቁልፍ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠቅሰው አንድ ነገር ልጨምር። ልጅዎ ጥሩ ውጤት አላት ብለውኛል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለውጭ ተማሪ የሚሰጧቸው ትልልቅ የነጻ ትምህርት ዕድሎች አብዛኞቹ ከሃይስኩል በቀጥታ ለሚመጣ ተማሪ ናቸው። ኮሌጅ ገብታ ክሬዲት ከያዘች በኋላ የብዙዎቹ በር ይዘጋባታል። 50 ከመቶና በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ፈተና ደህና አድርጋ ያለፈች ልጅ አንድ ዙር በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለነጻ ትምህርት ዕድል ሳትወዳደር ቤተሰቧ ቦታ መሸጥ የለበትም። ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ ባለቤትዎ ላይስማሙ ይችላሉ።

የትምህርት ፈቃዱ ጉዳይም ተለውጧል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሄዱ ሰዎች የሚነግሯችሁ ወሬ ዛሬ አይሠራም። ካናዳ በጃንዋሪ 2024 የውጭ ተማሪዎችን ቁጥር ገድባለች። ከዚያ ወዲህ ልጅዎ ከቅበላ ደብዳቤው ሌላ የክፍለ ግዛት ማረጋገጫ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። ኤጀንቱ ያሳያችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ከሆነ ጉዞው ገና አልተጀመረም። ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ተማሪ ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር አዲስ የትምህርት ፈቃድ ማመልከት አለበት። ለተራ ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር ነው። ለልጅዎ ግን ዕቅዷ በሙሉ ዝውውር ነው። መሃል ላይ አንድ ተጨማሪ የመንግሥት ውሳኔ፣ አንድ ተጨማሪ የባንክ ማስረጃ ይጠብቃታል ማለት ነው። ሁለተኛው ማመልከቻ ላይ የሚታየው ገንዘብ ደግሞ ለዩቢሲ ክፍያ የሚበቃ መሆን አለበት።

ከምረቃ በኋላ ያለውን የሥራ ፈቃድም አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል። በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነገር ነው። ከባችለር በታች ላሉ የኮሌጅ ትምህርቶች ከኖቬምበር 1፣ 2024 ወዲህ የተማሩት ዘርፍ መንግሥት ባወጣው ዝርዝር ውስጥ መሆን አለበት። የግል ኮሌጅ ሲሆን ሌላም ሁኔታ አለ። የዩኒቨርሲቲ ባችለር ግን ይህ የዘርፍ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ በአሶሺየት ዲግሪ ላይ ቆማ ሥራ እፈልጋለሁ ብትል ፈቃዱን ላታገኝ ትችላለች፤ ብታገኝም ለባችለሯ የሚተርፍ አይኖርም። አገር ቤት ብትመለስም በእጇ ያለው የሁለት ዓመት ማስረጃ ነው እንጂ ባችለር አይደለም። አሶሺየት ዲግሪ ብቻውን ለውጭ ተማሪ መንገድ ላይ እንዳለ ፌርማታ ነው፤ ጥሩ የሚሆነው ከዚያ የሚቀጥለው አውቶቡስ ቲኬት ካለዎት ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ «ታዲያ ለማን ነው የሚበጀው?» ይሉኛል። ለሚበጀው ሰው በጣም ይበጃል። የአራቱን ዓመት ገንዘብ የቆጠረ፣ እንግሊዝኛው ገና ያልጠና፣ 300 ሰው ካለበት አዳራሽ ይልቅ መምህሩ ስሙን በሚያውቅበት ትንሽ ክፍል መጀመር የሚሻለው ልጅ ከእንዲህ ዓይነት ኮሌጅ ብዙ ያገኛል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ውጤቱ ትንሽ ለጎደለውም ሁለተኛ ዕድል ነው። ያኔም ቢሆን የግሉን ብቻ አይዩ። ላንጋራና ዳግላስ የሚባሉት የመንግሥት ኮሌጆች እዚያው አካባቢ አሉ፣ የውጭ ተማሪ ይቀበላሉ፣ በዚያው የዝውውር ሥርዓት ውስጥ ናቸው። ኤጀንት የሚያሳየው የሚሠራለትን ኮሌጅ ነው። ክፍያቸውን ከግሉ ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩ። ወንድምዎ ደግሞ የሚያውቀው እዚያ ለሚኖር ሰው ያለውን ዋጋ ነው። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ልጅ የመንግሥት ኮሌጅ ውስጥ የሚከፍለው የውጭ ተማሪ ከሚከፍለው እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ የእናንተ ወጪ እብደት ቢመስለው አይገርምም።

አሁን የሚደረገውን ልንገርዎ። ልጅዎ ራሷ፣ በራሷ ኢሜይል፣ ለኮሌጁ ሬጅስትራር ትጻፍ። አድራሻውን ከኮሌጁ ድረ ገጽ ትውሰድ፤ ኤጀንቱ ከሰጣት አይሁን። የቅበላ ቁጥሯን ጠቅሳ ደብዳቤው የእነሱ መሆኑን ትጠይቅ። ኮምፒውተር ሳይንስ ለመዛወር በመጀመሪያው ሴሚስተር የትኞቹን ኮርሶች እንደምትወስድ፣ እያንዳንዱ ዩቢሲና ሳይመን ፍሬዘር ላይ በየትኛው ኮርስ ቁጥር እንደሚቆጠር ይንገሯት። የተመዘገበችበት ትምህርት ለሥራ ፈቃዱ ብቁ ያደርጋት እንደሆነም በግልጽ ትጠይቅ። ከሁሉ በላይ የትምህርት ፈቃዱ ቢከለከል ከተከፈለው ውስጥ ስንቱ፣ በስንት ጊዜ፣ ለማን እንደሚመለስ በጽሑፍ ትቀበል። ጥሩ ኮሌጅ ይህንን በየቀኑ ይጠየቃል፤ ይመልሳል። ካልመለሰ ያም መልስ ነው።

ክፍያ የሚፈጸም ከሆነ ከባንክ በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ሒሳብ ይሁን። በኤጀንቱ በኩል አንዲት ዶላር አይለፍ። የፈቃድ ማመልከቻውን እኔ እሞላለሁ የሚል ከሆነም የካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪነት ፈቃዱን ያሳያችሁ። ገንዘብ ተቀብሎ በማመልከቻ ላይ ማማከር የሚችለው ፈቃድ ያለው አማካሪ ወይም ጠበቃ ነው። ተማሪ መመልመልና ኢሚግሬሽን ማማከር ሁለት የተለያየ ሥራ ነው።

ሀዋሳን ደግሞ አትተዋት። የምዝገባው ቀን ሲደርስ ሄዳ ትመዝገብ፤ ፍሬሽማን ትጀምር። የካናዳው ጉዳይ ወራት ይፈጃል፣ መልሱም አይታወቅም። ሀዋሳ ባችለሯን ጨርሳ ለማስተርስ ብትሄድ የሚከፈለው የሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮም በካናዳ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ የሚማር ሰው ያንን የክፍለ ግዛት ደብዳቤ አይጠየቅም። ባለቤትዎ ይህንንም ከኤጀንቱ ወረቀት ጎን አስቀምጠው ይዩት። የሬጅስትራሩ መልስ ሲመጣ፣ ከፈለጉ ኮርሶቹን ጽፈው ይላኩልኝ፤ ትራንስፈር ጋይዱ ላይ አብረን እናያቸዋለን።